የመቶ ሞል ጉድለት

እህት ዓለም፣

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳሙና ካፈላሁበት በርሜል «እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛን ማየት አቅቶዎታል» ተብዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወረድኩ። ይህን ያስቀደምኩት በሆዴ ይዤ ሰላምታ ማቅረብ ስላልሆነልኝ ነው።

አሁን፣ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ደረጃ ካላሳየሁት አያጉረመርምም።

ለመቶ ኪሎ ስብ አሥራ አራት ኪሎ ኮስቲክ፣ ያ ስቡን ሳሙና የሚያደርገው የሚያቃጥል ነጭ ቅመም፤ ይህን ልክ በእንቅልፍ ልቤም አልስተውም። በወረድኩበት ሳምንት ግን ሳሙናው አልረጋ አለ፤ ስቡ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ፎርማኑ አይቶ ሳቀ፤ አባባ፣ ኪሎው ሁለት ሁለት ሆኖ ሳይታይዎት አልቀረም አለኝ። በማግስቱ በር ጠባቂ አደረጉኝ።

የመጋዘኗ ሴትዮ ግን የኮስቲኩን ባዶ ከረጢት አልጣለችውም ነበር። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ገልብጬ የላክሁልሽ ያኔ ነው። አንቺም፣ ይህ የለመድከው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳይሆን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው ብለሽ መለስሽልኝ። ለካ ፎርማኑ የተገኘውን ገዝቶ፣ ሁለቱም ኮስቲክ ነው ብሎ በድሮው ልክ አስመዝኖኛል።

ስብ ሦስት የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ሸሚዝ ነው ያልሽው ገባኝ። የተመጣጠነው እኩልታ ለአንድ ሞል ስብ ሦስት ሞል ኮስቲክ ይላል፤ ሞል ያልሽው እንደ ደርዘን ያለ የኬሚስቶች መቁጠሪያ ነው፤ የሚወጣውም አንድ ሞል ግሊሰሪንና ሦስት ሞል ሳሙና ነው። ቁልፍ ደግሞ የሚለካው በኪሎ ሳይሆን በቁጥር ነው። ከባዱን ቁልፍ በቀላሉ ቁልፍ ኪሎ ልክ ከመዘንሽ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል።

የላክሽልኝን ጥያቄ መጀመሪያ ስሠራ ማካፈል ሲገባኝ አባዛሁ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገሽ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ግራም ወደ ሞል ሲሄድ ይካፈላል» ብለሽ መለስሽው። ፊደል የለየሁት ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው፤ ኤክስ ያደረገብኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን ተናደድኩብሽ። በሦስተኛው ተቀምጬ ሠራሁት።

አሥራ አራት ሺህ ግራም ለአርባ፣ ለሶዲየሙ የአንድ ሞል ክብደት፣ ሲካፈል ሦስት መቶ ሃምሳ ሞል፤ የድሮው ይህ ነው። ያው አሥራ አራት ሺህ በፖታሲየሙ ክብደት፣ ለሃምሳ ስድስት፣ ሲካፈል ሁለት መቶ ሃምሳ ብቻ። መቶ ሞል ጎድሏል። ሦስት መቶ ሃምሳ እንዲሞላ በሃምሳ ስድስት ሲባዛ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ይሆናል።

ይህን በጠመኔ በርሜሉ ጎን ላይ ጻፍኩት። ፎርማኑ፣ አባባ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለሳሙና ነው ወይ አለኝ።

«ለስሜ ነው» አልኩት።

የፋብሪካው ባለቤት ባለበት ሁለት ባልዲ አቀረብኩ፤ በእያንዳንዱ አንድ ኪሎ ስብ። በአንዱ አዲሱን ኮስቲክ መቶ አርባ ግራም፣ በሌላው መቶ ዘጠና ስድስት ጨመርኩ። በማግስቱ በመጀመሪያው ስብ ተንሳፍፎ አደረ። ሁለተኛው እንደ ፖታሲየም ሳሙና ወግ ለስለስ ቢልም ጠብታ ቅባት አልነበረበትም። ባለቤቱ በጣቱ ነካ፣ እጁን ታጠበበት። ከዚያ የበርሜሉን መቅዘፊያ ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። ፎርማኑ ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

እህቴ፣ ማመስገን አልለመድኩም፤ ታውቂኛለሽ። የሰው ልጆች ስታስተምሪ ውለሽ ደክሞሽ፣ ለእኔ ደግሞ ሦስት ገጽ በእጅሽ ጻፍሽልኝ። ያዘልኩሽ ልጅ እኔን አዘልሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ከልቤ ነው።

ባልሽን የማር ውሃ ይጠጣ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ሂሳብ አልወድም ያለችው እኔ ዕድሜ ሳትደርስ ይለፍላት። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። አማትሽን ከነምርኩዛቸው ሰላም በያቸው። የመጋዘኗ ሴትዮም ሰላም ትልሻለች።

ስለዚያ ውርደት ግን በደብዳቤም በአካልም አትጠይቂኝ። ዛሬ ተናገርኩት፤ ዳግም ከአፌ አይወጣም።

ወንድምሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከቤቴ
የካቲት ፱ ቀን