«ሁሉም የሱ ነው» ያልኩበት ቤት

ይድረስ ለባለቤቴ ለደረጀ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ነፍስህን ይማር ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተዝካርህንም ያወጣሁት የሰው አፍ ፈርቼ ነው። ይኸው ተናድጄብህ እጽፍልሃለሁ።

ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን ተወረሰ። አንተ ማረሚያ ቤት ታመህ ብትሞትም የንብረቱ ክርክር አልቆመም ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ የተገኘ ነው ተብሎ ቤቱም አይሱዙዎቹም ለመንግሥት እንዲሆኑ ተፈረደ። በመኪኖቹና በትልቁ ቤት አልተከራከርኩም። ቡና ጫንኩ እያልክ ምን ታመላልስ እንደነበር ችሎት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። የሰው ልጅ በጠፋበት ገንዘብ የተሠራ ሳሎን ይቅርብኝ።

እኔ የጠየቅኩት የጓሮዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ ነው። አንተ ገና ተቀጥረህ የሰው መኪና ስትነዳ፣ የእናቴን ቤት ሽጬ የሠራኋቸውን። በሩን አንተ ነበርክ የገጠምከው፤ ተንጋዶብህ እኔና ልጃችን ማህሌት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ አንተም ሳቅክ። ያንን ደረጀ እወደው ነበር። ከልጄ ጋር እዚያ ልቅር ብዬ ዳኞቹን ለመንኩ።

ምስክር አምጪ ተባልኩ፣ የእድራችንን ሴቶች ይዤ ሄድኩ። ምለው ያዩትንና የሰሙትን ተናገሩ። ቤቱ ሲመረቅ እኔው ራሴ ቆሜ፣ ጓሮው ሳይቀር ሁሉም የሱ ላብ ነው፣ የኔ አንዲት ብሎኬት የለችበትም ማለቴን። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ክፍሎቹም ከቤቱ ጋር ሄዱ። ሴቶቹ ከችሎት ሲወጡ እያለቀሱ ነበር፤ በነሱ አልፈርድም።

ያን ቀን ረሳኸው? ዘመዶችህ ከጎጃም መጥተው ድንኳኑ ሞልቷል። በሚስቱ ገንዘብ የቆመ እንዳትባል ፈርተህ ጓዳ ጠራኸኝና አስከብሪኝ ብለህ ለመንከኝ። ባሏን በሰው ፊት ከፍ የምታደርግ ሴት ጨዋ ናት ተብዬ ያደግኩ ነኝና አልኩልህ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አንተ ግን ገንዘብህ ከየት እንደሚመጣ እያወቅክ የእናቴን ቤት ከሱ ጋር ቀላቀልክብኝ። ይህን ይቅር ለማለት ገና አልቻልኩም።

አሁን መናኸሪያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተናል። ማህሌት በአውቶቡስ ጡሩምባ መሀል ታጠናለች። ጠረጴዛ ገዛሁላት። አከራያችን አይታው፣ ባልሽ የተወልሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የኔ ነው፣ በመምህርነት ደመወዜ የገዛሁት ነው አልኳት። ማህሌት ከደብተሯ ቀና ብላ ፈገግ አለች። አባቷን ከቀበርን ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

አልረሳህም ደረጀ። ያንን የተንጋደደ በርም፣ ያንን ድንኳንም አልረሳም። ልጅህ አግብታ ቤቷ ሲመረቅ፣ እድሜ ከሰጠኝ አጠገቧ እቆማለሁ። የሷ የሆነውን «የኔ ነው» ሳትል እንድትቀመጥ አልፈቅድላትም።

ሚስትህ አበባ