ጋሼን ከምር ማሸነፍ

ጥቅምት 4
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ደባሪ ቀን... እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ። ከዚያ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ጋሼ ብቅ አሉ፣ ጥቁርና ነጭ የኮት ቁልፍ ፈልገው። ስንት? "ከየቀለሙ መቶ ሰማንያ።" ምን ዓይነት ኮት ነው እሱ?

ለካ ኮት አይደለም። ጎ የሚባል ጨዋታ ነው፣ ጠጠሮቹ ጠፍተውባቸው ነው። ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ አሰመሩኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ቁልቁል፣ አሥራ ዘጠኝ አግድም። ተራ በተራ ቁልፍ ማስቀመጥ። የሌላውን ቁልፍ ዙሪያውን ከከበብሽ በላሽው፤ ብዙ ቦታ የከበበ ያሸንፋል። በቃ? ይቺማ ምን አላት ብዬ የመጀመሪያዋን ሳጥኑ መሃል ዱብ!
"የኔ ልጅ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ነው።"
ወይ ጉድ።

ጥቅምት 5
ተበላሁ። ጥርግ ተደርጌ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

ጥቅምት 9
ለጀማሪ ዘጠኝ ቁልፍ አስቀድሞ መደርደር ይፈቀዳል፣ ደንብ ነው አሉኝ። ደረደርኩ። በዘጠኝም ተሸነፍኩ! እጅጌ ስቆርጥ እንኳ "ይሄ ጥግ ተከቧል" እያልኩ ነው... አብጃለሁ እንዴ?

ጥቅምት 13
ውርደት! ደንበኛዬ ኮቷን ይዛ ተመለሰች። አምስት ጥቁር ቁልፍ፣ አንድ ነጭ። ለካ ከጨዋታው ክምር ዘግኜ ነው የሰፋሁት። "ፋሽን ነው?" አለችኝ። አዎ ልላት ስል ሳቄ አመለጠኝ።

ጥቅምት 20
አሸነፍኩ!!! ዘጠኙን ደርድሬ፣ በሦስት ነጥብ! ሜትሩን አንገቴ ላይ እንደጠመጠምኩ ጨፈርኩ።
"ጎበዝ፣ የኔ ልጅ" አሉ ጋሼ።
ቶሎ አሉት። ትንሽ አልቆጫቸውም እንዴ?

ጥቅምት 21
እንቅልፍ የለም። ጋሼ እኮ ለሰው ክፉ መናገር አይችሉም። ድርቅ ብሎ የሞተ ሰዓት ለሚያመጣ እንኳ "ትንሽ ይረፍ" ነው የሚሉት።

የአምስት ልጆች የመጨረሻ ነኝ። ካርታም ሩጫም አሸናፊዋ እኔ ነበርኩ... ሰባት ዓመቴ ላይ ታላቄ "ልቀቁላት፣ ታለቅሳለች" ሲል እስክሰማው። ይኸው አርባ አንድ ሞላኝ፤ አንዴ እንኳ ከምር ያሸነፍኩ አይመስለኝም። ይሄም እንደዚያ ከሆነ ቁልፎቹ ወደ ካርቶናቸው ይመለሳሉ።

ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ለቀውልኝ ነው?"
"ኧረ በፍጹም!"
እንዴት ልመን?

ጥቅምት 22
አልተጫወትኩም። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘረጋሁበት። ጋሼ ሁለቴ በሱቄ በር አለፉ። ሁለቴም ስፌቴ ላይ አቀረቀርኩ።

ጥቅምት 23
ሱቄን ሳልከፍት የጋሼ ባለቤት በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።
"ባሌን ምን አድርገሽብኝ ነው?"
ክው አልኩ። "ምን ሆኑ፣ እትዬ?"
"ቀይና ነጭ ቦሎቄዬን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ 'እዚህ ጋ ነው የሸወደችኝ... አይ፣ እዚህ ጋ ነው' ይላል። ምሳ ሳቀርብ 'ቆይ፣ ይቺ ልጅ በየት በኩል ገባችብኝ?' ትናንትማ እኔን በአንቺ ቦታ አስቀምጦ አሸነፈኝና ደስ አለው! ቦሎቄዬን መቀቀል አልቻልኩም እኮ!"
"ተናደዋል?"
"ምን መናደድ! ጨሷል እንጂ!"
ጉንጫቸውን አገላብጬ ሳምኳቸው። ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ጨሰዋል! በእኔ!

በሩጫ ጋሼ ጋ። ሰዓት ፈታተው አቀርቅረዋል።
"ጋሼ፣ ዛሬ ስምንት ቁልፍ ብቻ ነው አስቀድሜ የምደረድረው።"
ቀና ብለው አፈጠጡብኝ።
"ስምንት አይሰጥም! ሰባት!"
እሺ አልኩ። ድባቅ መቱኝ። ሲያሸንፉ ደግሞ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት... ሽማግሌው! ደስታዬን የት ላድርገው?