ከስልኩ የወደቀው ስድስተኛ አያት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ጅቡቲ

የአላህ ሰላም በአንቺ፣ በባለቤትሽና በልጆችሽ ላይ ይሁን። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ሐርጌሳዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጎረቤታችን ሁዳን ብቻ ጉልበቷ እንደገና አብጦ ሁለት ሳምንት ተኝታ ሰነበተች። አሁን ተሽሏታል፤ ትናንት ልጇ ሊባን ደግፏት እስከ በራችን መጥታለች። ትልቋ ልጇም መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም እንደ አባታቸው ግንባራም። ግንባራም ማለቴን አደራ ለማንም እንዳትነግሪ።

በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ድምፄን በስልክ ቀድቼ ብልክልሽ ይቀለኝ ነበር። ግን ባለፈው ረመዳን ስለ ሁዳን ሳምቡሳ ላንቺ ብቻ ብዬ የላክሁልሽን ታስታውሻለሽ? አንቺ ለአንድ ሰው ብቻ አስተላለፍሽው፤ ያ ሰውም ለአንድ ሰው ብቻ። እኔ ገና ሰሃኑን አጥቤ ሳልጨርስ ሁዳን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ ሳምቡሳዬን የጫማ ሶል አልሽው አሉ?» አለችኝ። ወረቀት ግን በጣት ተነክቶ አራት መቶ ሰው ዘንድ አይደርስም። ይህን የሚያመጣልሽ ሹፌርም ማንበብ አይችልም፤ ጠይቄዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሟቹ ወንድማችን ልጅ ሂቦ፣ በእጄ ያደገችው፣ የሁዳንን ልጅ ሊባንን ልታገባ መሆኑን ሰምተሻል። ልጆቹ ተዋደዋል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ እኔም ቀሚስ አሰፍቻለሁ፤ ቡናማ ነው፣ ሰፊዋ ውፍረት ይደብቃል ብላ ምላልኛለች። የቀረው ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን አያቶች መቁጠር ብቻ ነበር። የቤታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ስምንተኛው አያት ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ከተገናኙ ይጋባሉ፣ ሰባተኛው ላይ ከተገናኙ ግን ዘመድ ናቸው፣ አይሆንም።

በእኛ ጊዜ ይህ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ሥራ ነበር። የሊባን አጎት ዋርሳሜ ሃያ ሁለት አያት በአንድ ትንፋሽ ሲጠራ አልነበር? እኛንም አባታችን አንድ ስም ከዘለልን ራት ይከለክለን ነበር። ዘንድሮ ግን ኮምፒውተር የሚያስተምረው የአጎታችን ልጅ ጉሌድ የጎሳውን ሐረግ በሙሉ ስልክ ውስጥ አስገባው። ቤት ለቤት ዞሮ ስም ለቀመ። የየቤቱ ታላቅ ስሕተት ካየ በገዛ ስልኩ እንዲያርምም ፈቀደ። በእኛ ቤት ይህ ፈቃድ ለእኔ ነው የተሰጠው። ያማረ ነገር ነው፣ አልዋሽሽም፤ ስሙን ስትነኪው ቅጽል ስሙ ከነታሪኩ ይወጣል። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ስድስተኛ አያታችንን መቼም አልረሳሽውም፤ ጅብ ያባረረው ሮብሌ። ሁዳን ይህን ያየች ቀን የጉልበቷን ሕመም ረስታ በሳቅ ተንከባለለች። «ልጄ የሚያገባው ከሯጮች ቤት ነው ለካ! እንግዲያው ለሙሽሪት ወርቁ ይቅርና ስኒከር እንግዛላት!» አለች፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ባለበት። የእነሱ አምስተኛ አያት ጆሮ ትልቁ መባሉን ረስታ! እኔ ትልቅ ሰው ዝም ይላል ብዬ ስልኬን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ዋርሳሜን «በል ቁጠር» ቢሉት መጀመሪያ መነጽሩን ፈለገ፣ ቀጥሎ ቻርጀር ጠየቀ። እስከ አራተኛው አያት በቃሉ ሄዶ፣ «ምን አደከመኝ፣ ሁሉም እዚህ አለ አይደል?» ብሎ ስልኩን ነካ። ስልኩም ራሱ ቆጥሮ ቀይ ሆነ። በሊባን በኩል ስምንት፣ በሂቦ በኩል ሰባት። ጉሌድም ስልኩ የሚይዘው አጭሩን ነው ብሎ አስረዳ። ስለዚህ ዘመድ ናቸው ተባለ።

አክስታችን ዲቆ ዓይኗ ከጠፋ አሥር ዓመት ቢሆነውም ከጆሮዋ የሚያመልጥ የለም። ከፍራሿ ቀና ብላ፣ «ሮብሌስ? ሮብሌን የት ጣላችሁት?» አለች። ከዚያም ሁሉንም አያት አንድ በአንድ ጠራች፣ ጅቡንም ሳትተው፤ ሮብሌ ግራር ላይ ወጥቶ፣ ጅቡ ከታች ጫማውን እያኘከ፣ እሱ ከላይ «እባክህ ሁለተኛውንም ልስጥህና ሂድልኝ» ብሎ መለመኑን ጭምር።

ዋርሳሜ፣ «አክስቴ፣ ዕድሜ ነው። ስልኩ ላይ እኮ የለም» አላት።

«አንተን ያስቆጠርኩህ እኔ አይደለሁም? የራስህ ስድስተኛ አያት ላይ በተደናቀፍክ ቁጥር ጆሮህን አልቆነጠጥኩህም?»

ሁሉም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ያመኑት ስልኩን ነው። ዋርሳሜ እስከ ሐሙስ ሌላ ማስረጃ ካልመጣ አዳራሹ ይሰረዝ አለ። ሂቦ ይኸው ላሆህ እንጀራ እንኳ አልቀምስ ብላለች። ሊባንም በቀን አምስት ጊዜ ስኳር ለመበደር ይመጣል፤ ሁዳን ቤት ግን ስኳር ማንም አይቀምስም።

እንዴት ወደቀ ትይኝ ይሆናል። እኔ ምኑን አውቄ! እነዚህ ነገሮች ጣት ሲያርፍባቸው ይጠፋሉ አሉ። ኔትወርክም ሊሆን ይችላል። አንጀቴን የበላኝ ግን የአክስታችን ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ስልኩን ጠይቁት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሷ እንዲህ ስትል እኔ ምግብ አይወርድልኝም።

ስለዚህ እባክሽ፣ በስደቱ ጊዜ አባታችን የላከልሽን ካሴት ከሣጥንሽ ፈልጊልኝ። የግመሎቹን ወሬ ከጨረሰ በኋላ ልጆችሽ እንዲማሩት ብሎ አያቶቹን የሚጠራበት ቦታ አለ፤ ሮብሌም እዚያ አለ። አክስታችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትናገር ያላመኑ ሰዎች የሞተ ሰው ከማጫወቻ ውስጥ ሲናገር ያምናሉ። ስለ እኔ ምላስ የሚናገርበትን ብቻ እንዳይሰሙት አድርጊ። ጉሌድ ደውሎ ስለ ሐረጉ ከጠየቀሽ ደግሞ ራስሽን አሞሻል።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልዘጋው ስል ራሱ ጉሌድ መጣ። ሁዳንም አክስታችንን ልትጠይቅ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ሻይ ቀዳሁለት። ሳይቀምሰው፣ «የሮብሌ ስም ተጽፎ ነበር» አለ። «የጠፋው ሁሉ ይመዘገባል፤ ማን እንዳጠፋው፣ በስንት ሰዓት እንዳጠፋው። ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚህ...»

ማንቆርቆሪያው ከእጄ አመለጠ። ምንጣፉ ተበላሸ፤ አዲሱ ነው፣ አንቺ የላክሽው።

«ጉሌድ!» አለች አክስታችን። «ማን እንዳጠፋው አትንገረን። ሮብሌን ወደ ቦታው መልሰው።»

መለሰው። ስልኩ አረንጓዴ ሆነ፤ ስምንት። ሂቦ ከጓዳ እልል ብላ ወጣች፤ ሁዳንም በዚያ ጉልበቷ ዘላ ተነሥታ አቀፈችኝ። ወዲያው የዋርሳሜ ድምፅ በሁሉም ስልክ ደረሰ፤ «እኔ ድሮም ብዬ ነበር» ይላል።

ካሴቱን ለማስረጃ አያስፈልገንም፤ ግን ላኪው፣ ስለ ምላሴ ያለውንም ሳትቆርጪ። የአባታችን ድምፅ ናፍቆኛል። አክስታችንም አጠገቡ ሆና ትቆጥራለች። ለሠርጉ ልጆችሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ። አላህ መንገድሽን ያሳጥርልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላው፣ ክፉ ወሬ በስልክም በሰውም አያሰማሽ።

ጉሌድ አሁን ገና ወጣ። በር ላይ ጫማውን እያጠለቀ እንኳ፣ «አክስቴ፣ ግን ይህን ያደረገ ሰው እንዲያው ዝም ይባላል?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ» አለችው አክስታችን፣ «እኛ እኮ የሮብሌ ዘር ነን። ከእኛ አንዷ ትንሽ ብትሸሽ ምን ይገርማል?»

ታላቅ እህትሽ