የኡሙ ሳሊህ የዒድ ቀሚስ

መካ፣ መንሱር
ማክሰኞ፣ ጥር 19

አከራያችን ኡሙ ሳሊህ ዛሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ስፌት ቤቴ ድረስ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በኪራይ ነው። የቤተሰብ መኖሪያ ፈቃድ፣ የኢቃማው ክፍያ ከከበደ ጀምሮ ግን ሐበሻው ሚስትና ልጆቹን ወደ አገር እየሸኘ፣ ከስምንቱ ቤታቸው አምስቱ ባዶ ሆነዋል። የምሰፋላቸው ሴቶችም ስለሄዱ መኪናዬ ሥራ ፈቶ ይውላል። ከታች ያለው ባቃላ ሱቅ እንኳ ባለፈው ሳምንት ተዘጋ።

ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና፣ «ዘሀራ፣ አንቺም ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

ባለቤቴ ሰይድ የእኔንና የልጆቹን የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጁን፣ ትናንት አውጥቷል፤ ከወጣን መመለስ የለም። እኛ ከረመዳን በፊት እንሄዳለን፤ እሱ ባሕራ ከተማ፣ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ እያደረ ይቀራል። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ከቦርሳቸው አረንጓዴ ጨርቅ አወጡ።

«እንኪ፣ ለዒድ ቀሚስ ስፊልኝ። ሰው ሥራ ካለው አይሄድም» አሉ።

ሜትሩን አንስቼ ለካኋቸው። ትከሻቸው የልጅ ትከሻ አክሏል።

«ሰፋ አድርጊው። ለከርሞ ካልወፈርኩ አንቺው ታጠብቢልኛለሽ» ብለው ሳቁ።

«ኢንሻአላህ፣ እናቴ» አልኩ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በስሙ ዋሸሁ። ጨርቁን ቆርጬዋለሁ፣ ሐሙስ ያልቃል። ወስጄ ስሰጣቸው ግን፣ ዒድ ገና ሁለት ወር ገደማ እየቀረው ለምን እንደቸኮልኩ ሳልነግራቸው ይገባቸዋል።