ከሁሉም ንጹህ የሆነው ውሃ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ብቻ እንደ ልማዱ ይላላጣል። ያንተን ደህንነት ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከመኪና ስትወርድ በፋብሪካው ማለቅለቂያ ክፍል መስኮት አይሃለሁ። የግቢው እርጥብ መሬት ጫማህን እንዳይነካው በጣትህ ጫፍ ትራመዳለህ። የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ የሚባለው አካባቢው እንዳይነካው የሚጠበቅ ሰው ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

በጸሐፊዋ እጅ የላክልኝ ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። የቀለም መርገጫውን ይዛ መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አውራ ጣቴን እዚህ ጋ እንዳሳርፍ ማዘዝህን ነገረችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ማንበብና መጻፍ ስለማልችል የናሙናውን ውሃ ከተሳሳተ ቧንቧ ቀድቻለሁ» ይላል። ከሥሩ ለጣቴ ክብ ተሠርቶልኛል። ክቡ እንኳ ተስተካክሎ አልተሠራም።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት አንተ እንድትገባ ነው። የጨረስከውን ደብተር እናታችን እሳት ልታያይዝበት ስትል ከእጇ እየለመንኩ አነበብኩት። ስሕተትህንም አብሬ ተማርኩ፤ ኋላ እሱን ማረም ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ፋብሪካ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ የማሽን ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ወረቀትና የበርሜሉን ልጣፍ አነባለሁ። «ወደ ውሃ መውረጃ እንዳይደፋ» የሚለውን ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንተ አንድ ጊዜ ብታነበው ይበቃ ነበር።

የምታውቀውን ነገር ለምን መልሼ እንደምጽፍልህ ትገረም ይሆናል። ታገሠኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የምንሠራቸው የመዳብ ሰሌዳዎች ከአሲዱ ገንዳ ሲወጡ በሦስት ሳፋ ነው የምናለቀልቃቸው። ለሦስቱም አዲስ ውሃ ይከፈትና ቀኑን ሙሉ ይፈሳል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የሦስተኛው ሳፋ ውሃ ገና ንጹህ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለስ አልኩ። ልብስ ያጠበች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። የምንከፍተው ውሃ ሲሶ ይሆናል፤ ፍሳሹ ሲቀንስ የማጣሪያው ገንዳ ይችለዋል። አንተ ሳቅክ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ፋብሪካ ነው፤ የሰፈር ልብስ ማጠቢያ አደረግሽው እንዴ?» አልከኝ። ሌሎቹም ደሞዛቸውን ስለሚወዱ አብረውህ ሳቁ። የማጣሪያው ፓምፕ ከቆመ ያን ጊዜ ዓመት ሞልቶት ነበር። በሱ የሳቀ የለም።

ከዚያ የፍሳሹ ናሙና ለላብራቶሪ የሚላክበት ቀን መጣ። ሦስቱን ጠርሙስ ይዘህ መጥተህ፣ ከመውረጃው መቅዳቱን ተይው አልከኝ። ሌላ ሰው ያወራል ብለህ እኔን ዝምተኛዋን መረጥክ። ከየትኛው ቧንቧ ልቅዳ ብዬ ጠየቅኩህ። የመለስክልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦

«ከሁሉም ንጹህ ከሆነው!»

እኔም ታዘዝኩ። በክፍላችን ከሁሉም ንጹህ የሆነው በነጩ ቧንቧ የሚመጣው ነው። ሰሌዳው ላይ ነጠብጣብ እንዳይቀር ማሽኑ ጨዉንም ማዕድኑንም ገፎ የሚያወጣው፣ «አይጠጣም» ተብሎ የተጻፈበት ውሃ። ከዓለት የሚፈልቅ ምንጭ እንኳ ጨው አያጣም፤ ይህን ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት። አንተ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ተምረህ፣ ውሃ በጠራ ቁጥር ሰው የሚያምነው መሰለህ።

ውጤቱ መጣ። መዳብ የለም፣ እርሳስ የለም፣ ጨው እንኳ የለም። ከአሲድ ገንዳ ወጥቶ ከዝናብ የጠራ ፍሳሽ! አንተም በመስታወት አስገብተህ በር ላይ ሰቀልከው። ዳይሬክተሩ ጨበጠህ፣ ኬክ ተቆረሰ። ለማለቅለቂያ ክፍል አልደረሰም፤ ባይደርስም ሆዴ ሞልቶ ነበር።

ናሙናውን የመረመረችው ባለ መነጽር የላብራቶሪ ባለሙያ ሳምንት ሳይሞላ መጣች። በሩ ላይ የተሰቀለውን ቆማ አነበበችና ፈገግ አለች። ስወጣ ጠብቃ ጠርሙሶቹን ማን እንደሞላ ጠየቀችኝ። የተላላጠ እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩ። አድራሻዋን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና መናገር ከከበደኝ እንድጽፍላት ነገረችኝ። መጻፍ እችል እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አንተ የደነገጥከው ያን ዕለት ነው። ኮሪደር ላይ ይዘኸኝ ምን እንዳደረግኩ ጠየቅከኝ፤ ያልከኝን ነው ያደረግኩት አልኩህ። ትናንት ደግሞ ይኸው ወረቀትህ።

ለራሴ ቢሆን ጣቴን እሰጥህ ነበር። ስንት ሰጥቼሃለሁ፤ አንድ ጣት ምን ይገርማል? ግን መውረጃው በእናታችን ጓሮ በኩል ነው የሚያልፈው። ነጩ ሳፋዋ ዳር ዳሩን አረንጓዴ አውጥቷል፤ የጎመኗ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሏል። እኔ ከሥራ ስመለስ ከሰፈሩ ቧንቧ በጀሪካን እቀዳላታለሁ። እሷ ግን ከአባታችን ጋር የቆፈረችው የውሃ ጉድጓድ ፍሳሽ ሰርጎበታል ብላት አትሰማኝም። እኔ ሥራ ስሄድ ከሱ ትጠጣለች፤ ብርጭቆው እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አንተ ልትጠይቃት ስትመጣ የታሸገ ውሃህን በብብትህ ይዘህ ነው። ጓዳ ሆኜ አየሁህ። ቀድታ ስትሰጥህ ብርጭቆውን ተቀብለህ፣ አንዴ እንኳ ወደ አፍህ ሳታስጠጋ፣ ወንበሩ ሥር አስቀመጥከው። ከሄድክ በኋላ ብርጭቆውን አንስታ፣ «ልጄ ትልቅ ሰው ሆነና ዕቃዬን ተጠየፈው» አለችኝ። ኩራት መስሏታል። ኩራት በሆነልህ! ኩሩ ሰው እናቱን ይንቃል እንጂ ምን እንደምትጠጣ እያወቀ ጉንጯን ስሞ አይሄድም። የማታውቅ ቢሆን ኖሮ ሞኝ ብዬ እተውህ ነበር። አሁን ግን በብብትህ የያዝካትን ጠርሙስ አየኋት።

የቀለም መርገጫህን ሳልነካው መልሼዋለሁ። ወረቀትህ እኔ ጋ ይቆያል።

እሑድ እናታችን ትጠብቅሃለች። ባዶ እጅህን ና። ከራሷ ጉድጓድ ቀድታ ብርጭቆውን ፊትህ ስታስቀምጥ ወይ ጠጣላት፣ ወይ ለምን እንደማትጠጣ በራስህ አፍ ንገራት። ከኔ አልሰማችም፤ ካንተ ትሰማለች፤ አንተ እኮ የተማርከው ነህ።

እግዚአብሔር ልቡና ይስጥህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ የሚጠጡትንም ንጹህ ያድርግላቸው። ፊደል ያስቆጠርኩህን ቀን ግን አልረግመውም፤ እኔም አብሬ ቆጥሬበታለሁ።

ታላቅ እህትህ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈቱ ጠልቆ ወረቀቱን ከጀርባው ቢያሳብጠው በንዴት ነው እንዳትል። ከመጋዘን የተጣለ የካርቦን ወረቀት አግኝቼ ነበር። ተጭኜ የጻፍኩት ከሥር ያለውም ወረቀት ለባለ መነጽሯ ጎልቶ እንዲነበብ ነው።