ከመጨረሻው ፊደል መጻፍ ያስተማሩት የኬክ መምህርት የሕይወት ታሪክ

ደንበኛውም ተማሪውም «እትዬ» እያለ ይጠራቸው የነበሩት ታላቅ እህቴ፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለእንጨት የነበራቸውን ትዕግሥት ለልጅ አልሰጡም። እትዬ የቤቱ በኩር በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን ከኋላቸው ሸሽገው የማስመሪያውን ምት በክንዳቸው ይቀበሉ ነበር። በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም የሚለኝ ይኖራል። ይበል፤ እኔ የማውቀውን ነው የምጽፈው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. በአንድ ኬክ ቤት በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። የቤቱ ሼፍ እጁ ወርቅ፣ አመሉ እሳት ነበር። እትዬ ማስጌጥ ሲለማመዱ የሠሩት የክሬም ጽጌረዳ ቢጎብጥባቸው፣ ከምድጃ የወጣ ትሪ በእጃቸው ጀርባ ላይ ጫነባቸው። በነጋታው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ገብተው ያንኑ ጽጌረዳ ደግመው ሠሩ። እትዬ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

በ1977 ዓ.ም. ከመካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። አማቻችን ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ። መኪና እንኳ አልነሣ ሲላቸው ይለማመጡት ነበር እንጂ አይሰድቡትም። በ1994 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሲያርፉ እትዬ ጋራዣቸውን አጽድተው፣ ነጭ ቀለም ቀብተው የኬክ ማስጌጥ ትምህርት ቤት ከፈቱበት፤ እኔም ትዕዛዝ እየተቀበልኩ አብሬያቸው ሠራሁ። ቀለሙ ቢደጋገምም የሞተር ዘይቱ ሽታ ከቫኒላው ጋር እንደታገለ ኖረ። የሠርግ፣ የልደትና የምርቃት ኬክ የሚያዝዝ ሁሉ ያንን የጋራዡን የብረት በር ያውቀዋል።

በእትዬ ክፍል አንድ ደንብ ነበር። አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ኬኳን አስጊጣ እንደጨረሰች «በይ አሁን በቡጢ በያት» ትባላለች። ስንቷ አልቅሳለች! «ኬክ የምትፈሪ ከሆነ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ እጅ መስመር አይወጣም» ይሏት ነበር። የፈረሰውን ኬክ ክፍሉ በማንኪያ ተሻምቶ ይበላዋል። እትዬ ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ የተበላሸ ኬክ ግድግዳ ላይ ይወረውራሉ። ተማሪ ላይ ግን እጃቸው ተነሥቶ አያውቅም። ኬክ ሥራ ለስላሳ ሰው ይፈልጋል የሚል ካለ እሳቸውን አላያቸውም።

በ2013 ዓ.ም. አንገቷን በሻሽ የሸፈነች አንዲት ወጣት ባለትዳር ልትማር መጣች። ሻሹ የባሏን የጣት አሻራ ለመሸፈን መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። በግራ እጇ ስለምትሠራ ክፍሉ «ግራኟ» አላት። ኬክ ላይ ስትጽፍ እጇ የጻፈችውን ፊደል እየዳሰሰ ያበላሽባት ነበር። እትዬ ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰች እንድትጽፍ አስተማሯት። በብዙ ልፋት ተሳካላት፤ ከዚያ በኋላ የቤቱን ጽሑፍ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ሆነች። ይህን የአጻጻፍ ዘዴዋን የምናውቀው እኛ የክፍሉ ሰዎችና ወጥ ቤት ስትለማመድ ያያት ባሏ ብቻ ነበርን።

በ2015 ዓ.ም. ባልዬው በትምህርት ሰዓት በሩን በርግዶ ገባ። ጸጉሯን በእጁ ጠቅልሎ በጠረጴዛው ላይ ጎተታት። ኬኮቹ መሬት ወረዱ፤ የእሷም ጥርስ ወልቆ ክሬሙ ውስጥ ወደቀ። እትዬ የሊጥ መዳመጫውን አንሥተው እጁን መቱት፤ አንጓው ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ተነጋገሩ» ተባልን። እትዬም «ተነጋግረናል፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ናት» ብለው ይዘዋት ተመለሱ። ሰውዬው በየመንገዱ «ሬሳዋን ነው የምትቀበሉት» እያለ ይዝት ጀመር።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ደውላ ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ አዘዘች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ጽሑፉን አዳራሹ ድረስ መጥታ ያቺ ከመጨረሻው ፊደል የምትጀምረው ልጅ ትጻፍልን» አለች። ለእትዬ ስነግራቸው ክሬም የሚመታ እጃቸው ቆመ። «ይህን ያስደወለው እሱ ነው» አሉ። ለፖሊስ ብደውል «ገና ምን ተፈጸመና!» አሉኝ። እንዳይሄዱ እግራቸው ሥር ወድቄ ለመንኳቸው። «ካልሄድኩ እሱ እዚህ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ እሷ አለች» አሉኝ። ኬኩንም ሠሩት፤ ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው ብለው፣ ያውም አሳምረው። ለግራኟ ምንም ሳይነግሯት «ዛሬ ክፍሉን አንቺ አስተምሪ» ብለዋት ደርቦቹን በየካርቶናቸው ይዘው ወጡ።

የቀረውን የነገረን ቀሪዎቹን ካርቶኖች ይዞ ከኋላቸው ይከተል የነበረው ባለታክሲ ነው። አዳራሹ ወንበር እንኳ አልነበረበትም። ሰውዬው ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ የገባችው ሚስቱ መስላው እትዬን በብረት ዘንግ ጭንቅላታቸውን መታቸው። ወድቀው ሲያያቸው «የታለች?» ብሎ ጮኸ። እትዬም ደማቸው ዓይናቸውን ሸፍኖት ሳለ «ያዘዝከው ኬክ ነው፣ ይኸውልህ። ሰው በትዕዛዝ አይመጣም» አሉት። ደግሞ መታቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ የኬኩን የብረት ማስቀመጫ ፊቱ ላይ ወረወሩበት፤ በዚያው ቅጽበት ባለታክሲውና የአዳራሹ ዘበኛ ደርሰው ያዙት። አሁን እስር ቤት ይገኛል።

እትዬ በሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

አስከሬናቸው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ የሰውዬው ወንድሞች ቤታችን መጡ። «በድንገተኛ አደጋ አረፉ ተብሎ ይጻፍ፤ ልጅቷም ቤቷ ትመለስና ነገሩ ይብረድ» አሉን። ወንድሞቹ ዛሬ እዚህ ካላችሁ መልሳችንን ስሙ። እህቴ በአደጋ አልሞቱም፤ ወንድማችሁ ቀጥቅጦ ገድሏቸዋል። ልጅቷም ቤቷ ናት።

እትዬ መናገር በቻሉባት በመጨረሻዋ ቀን ጠርተውኝ «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ ሌላውማ ያሞጋግሰኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «ልጆች ላይ ስትደርሺ ሦስት በይ» አሉኝ። ስለዚህ እትዬ የሦስት ሴቶች ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። የመጀመሪያዋ ፋርማሲስት ናት። ሁለተኛዋ አስተማሪ ናት፣ ኬክ የሚባል አትወድም። ሦስተኛዋ ይህን ጽሑፍ አሁን በፊታችሁ ቆማ የምታነብላችሁ ግራኟ ናት።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ ማንም በማንም ላይ እጁን በማያነሣበት ስፍራ ያኑርልን። ለልጆቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን።

ታናሽ እህታቸው