ደጃፌ ላይ የቆመው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የሠራሁትን ለሚስቴ እንኳ መንገር አቅቶኛል፤ እዚህ ልጻፈው።

ለዙህር ሰላት ስሄድ እንደ ሁልጊዜው ሱቁን አልዘጋሁም። እኛ ዱባይ ተራ በሩ ላይ ዱላ አጋድመን ነው መስጊድ የምንሄደው። ዱላውን ያየ ሁሉ ባለቤቱ ሰላት ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ አልፎ አይገባም። ስመለስ ግን ዱላው መሬት ወድቋል፤ ደጃፉ ላይ ኮቱ የተቀዳደደ፣ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ቆሟል።

«አንተ ሌባ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

አልተከራከረኝም። ሳልጠይቀው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ይፈትሹኝ» አለኝ። ለምዶታል ማለት ነው።

ፈተሽኩት። አሁን ለዱዓ በዘረጋሁት እጄ ኪሱን አንድ በአንድ በረበርኩት። ከደረቅ ዳቦ በቀር ምንም አልያዘም። ዳቦውን መልሶ ከተተና ሄደ።

ጫማ የሚሸጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ጩኸቴን ሰምተው ኖሮ ደንበኛቸውን ትተው ወጡ።

«ምን ነካህ አንተ? ዱላህን እኮ ተሸካሚዎች በጭነት ገጭተው ነው የጣሉት። ሰው እንዳይገባብህ ብሎ የቆመልህ እሱ ነው!»

ይቅርታ ልጠይቀው እስከ ሲኒማ ራስ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ የተቀደደ ኮት የለበሰው ብዙ ነው። የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ኪሱን ሁሉ ስበረብር አንዴም ፊቱን አላየሁትም።